የአንድ ልጅ ብዙ ስሞች

በየወጣት ኅብረቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ ሁልጊዜም በዚያችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የይሁዳን ነገሥታት ስም በቅደም ተከተል ሳይሳሳት ይነግራችኋል። ከፕሮግራሙ በኋላ ሻይ ቀርቦ ጨዋታው ሲሞቅ ግን የለም። ሰላም ሲሉት ዓይኑን ወደ ወለሉ ይጥላል፤ አቅፈው ትከሻውን ሲነኩት ይደነግጣል። ቀልድ ተነግሮ ሁሉም ስቆ ካበቃ በኋላ «ይህ እኮ ሊሆን አይችልም» ይላል። ስለሚወደው ነገር ማውራት ከጀመረ ደግሞ ሰሚው እንደሰለቸው አይታወቀውም።

እኛም ስም አናጣለትም። አንዱ «ኩሩ ነው» ይላል። ሌላው «ዓይናፋር ነው»፣ ሌላዋ «ሰው መሃል አላደገም»፣ አራተኛው «ማንበብ አብዝቶ ነው» ይላሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሆነ ነገር አለበት፤ ይጸለይለት» የሚልም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው። በዚህ ላይ ኢንተርኔት የሚያነብ ጓደኛ ስድስተኛውን ይጨምራል፦ «አስፐርገር ሳይሆን አይቀርም።»

ስድስተኛው የሐኪም ስም ስለሆነ የመጨረሻው ቃል ይመስላል። ይሁንና እርሱም የራሱ ታሪክ አለው። በ1980 ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በ1994 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያሳትመው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ገባ፤ በ2013 ደግሞ ከዚያው መመሪያ ወጣ። በዙሪያው ሌሎች ብዙ ስሞች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ይወስዳል። የእነዚህን ስሞች ታሪክ ማወቅ ሐኪም አያደርገንም። ለሰው ስም ስናወጣ ምን እያደረግን እንደሆነ ግን ያሳየናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሞስኮ ስድስት ልጆች

«ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ያመጡት የስዊዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ናቸው። ቃሉ የተገኘው «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ብሎይለር በ1911 ስለ ስኪዞፍሬኒያ ባሳተሙት መጽሐፍ ቃሉን የተጠቀሙበት በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች ከውጭው ዓለም ተለይተው በራሳቸው ዓለም መኖራቸውን ለመግለጽ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ሲወለድ የሌላ ሕመም ጥላ ነበረበት። ይህ ጥላ ለብዙ ዓመታት ተከትሎታል።

በ1891 በኪየቭ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱት ሐኪም ግሩንያ ሱካሬቫ ሞስኮ ውስጥ ሕፃናትን ያክሙ ነበር። በ1925 ስለ ስድስት ወንዶች ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ በማግስቱ ዓመት በጀርመንኛ ታተመ። ልጆቹ የማሰብ ችሎታ አላነሳቸውም። ከእኩዮቻቸው ጋር መቀላቀል ግን አይሆንላቸውም። የሰውነታቸው እንቅስቃሴ አይሰምርም፤ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም፤ አነጋገራቸው ከዕድሜያቸው ጋር አይሄድም። በሙዚቃ ተሰጥኦ ያላቸውም በመካከላቸው ነበሩ። ሱካሬቫ በ1927 ደግሞ ስለ ሴቶች ልጆች ጻፉ።

ለዚህ ጠባይ የሰጡት ስም «ስኪዞይድ ሳይኮፓቲ» የሚል ነበር። ዛሬ «ሳይኮፓት» ሲባል ጨካኝ ወንጀለኛ ወደ አእምሯችን ይመጣል። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ቃሉ ከተለመደው ወጣ ያለ ስብዕናን ያመለክት ነበር። ሐኪሟ ልጆቹን በጥንቃቄ አይተዋል፤ ያገኙት ስም ግን በዘመኑ በእጅ የነበረው ብቻ ነበር። ጽሑፉም በምዕራቡ ዓለም ተረስቶ ቆየ። በእንግሊዝኛ የተነበበው በ1996 ነው፤ የተረጎሙት በርሊን ተወልደው ከናዚ ዘመን ወደ ብሪታንያ የተሰደዱት የኤድንብራዋ ሐኪም ሱላ ዎልፍ ናቸው። ወደ እርሳቸው ኋላ እንመለሳለን።

ባልቲሞርና ቪየና

በ1943 በአሜሪካ ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሊዮ ካነር ስለ 11 ሕፃናት ጻፉ፤ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች። ካነር የተወለዱት በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረ አካባቢ ሲሆን ወደ አሜሪካ የሄዱት በ1920ዎቹ ነው። ሕፃናቱ ሰውን እንደ ዕቃ አልፈውት ይሄዳሉ። የነገሮች ቅደም ተከተል ሲለወጥ ይረበሻሉ። አንዳንዶቹ ጨርሶ አይናገሩም፤ አንዳንዶቹ የሰሙትን መልሰው ይደግማሉ። በጽሑፉ ቁጥር 1 ሆኖ የቀረበው ልጅ ከሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣው ዶናልድ ትሪፕሌት ነበር።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1944፣ የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ሃንስ አስፐርገር ስለ አራት ወንዶች ልጆች ጻፉ፤ ስለ ጉዳዩ በ1938ም ንግግር አድርገው ነበር። የእርሳቸው ልጆች ይናገራሉ፤ እንዲያውም እንደ ትልቅ ሰው ይናገራሉ። አስፐርገር «ኦቲስቲክ ሳይኮፓቲ» ሲሉ ጠሩት። ሁለቱ ሐኪሞች፣ አንዱ በባልቲሞር አንዱ በቪየና፣ «ኦቲስቲክ» የሚለውን ቃል ከብሎይለር ወስደው ለተለያዩ ልጆች ሰጡት። በመካከላቸው ድልድይ የሚሆን ሰውም ነበር። ጊዮርግ ፍራንክል የሚባሉ አይሁዳዊ ሐኪም በአስፐርገር ክሊኒክ ሲሠሩ ቆይተው በ1937 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በካነርም ዘንድ ሠሩ።

ፍራንክል ለምን ተሰደዱ? መልሱ በቀጣዩ ዓመት ታየ። በመጋቢት 1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ጠቀለለች። በቪየና «አም ሽፒግልግሩንድ» የሚባል የሕፃናት ተቋም በ1940 ተከፈተ። በዚያ ወደ 800 የሚጠጉ ሕፃናት ሞተዋል። ብዙዎቹ የተገደሉት በመድኃኒትና በረሃብ ተዳክመው ነው፤ በሞት መዝገባቸው ላይ ግን ብዙ ጊዜ «የሳንባ ምች» ተብሎ ይጻፍ ነበር።

አስፐርገር የናዚ ፓርቲ አባል አልነበሩም። በካቶሊክ የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ያደጉ ሃይማኖተኛ ሰው ነበሩ። ለብዙ ዓመታትም የሕፃናት ተከላካይ ተብለው ተወድሰዋል። በ2018 ግን የታሪክ ተመራማሪው ሄርቪግ ቼክ የቪየናን መዛግብት መርምረው ሌላ ገጽታ አወጡ። አስፐርገር ቢያንስ ሁለት አካል ጉዳተኛ ሴት ሕፃናትን ወደ ሽፒግልግሩንድ እንዲወሰዱ ጽፈዋል፤ ሁለቱም እዚያው ሞቱ። ስለ አንዷ በተጻፈው ማስታወሻ ልጅቷ ለእናቷ ከባድ ሸክም እንደሆነች ተመልክቷል። ሐኪሙ የሚጠብቃቸውን ነገር ምን ያህል ያውቁ ነበር በሚለው ላይ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። መዝገቡ ግን አለ።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ያው ብዕር ስለ አንዱ ልጅ «ተሰጥኦ አለው፤ ለኅብረተሰቡ ይጠቅማል» ብሎ ጻፈ። ስለ ሌላዋ «ሸክም ናት» ብሎ ጻፈ። በዚያ ዘመን በዚያች ከተማ በሁለቱ ስሞች መካከል የነበረው ርቀት በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ርቀት ነበር። ሰውን በጥቅሙ መዝኖ ስም የሚያወጣ ማኅበረሰብ ወዴት ሊደርስ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል። ስም አውጪው ጸሎተኛ ሰው መሆኑም ብቻውን ዋስትና አልሆነም።

«ጥፋቱ የወላጆቹ ነው»

ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ሌላ ዓይነት ስም መጣ፤ ይህኛው የተለጠፈው በእናቶች ላይ ነው። ልጁ ከሰው የራቀው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው የሚለው አስተሳሰብ ተስፋፋ። እናቶቹ «ማቀዝቀዣ» ተባሉ። ካነር ራሳቸው የወላጆችን ቅዝቃዜ በጽሑፎቻቸው አንስተው ነበር። በቺካጎ የታወቁት ብሩኖ ቤተልሃይም ደግሞ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አሰራጩ። ስንት እናት በልጇ ላይ በደል እንደፈጸመች አምና አልቅሳ ይሆን?

ጥያቄው የቆየ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሲወለድ ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ፣ የእርሱ ወይስ የወላጆቹ፣ መጠየቃቸውን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ታውቃላችሁ። ጌታ የሰጣቸውንም መልስ ታውቃላችሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሕክምና ሳይንስ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህልም ብዙዎቹ የተሳሳተውን መልስ ያዙ።

የተሳሳተውን መልስ ከተቃወሙት መካከል ራሳቸው ወላጆች ነበሩ። የሥነ ልቦና ባለሙያውና አባት የሆኑት በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያቱ በአካል ውስጥ እንጂ በእናት ልብ ውስጥ እንዳልሆነ ተከራከሩ። በ1977 በለንደን ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጥንተው የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳዩ። እናቶቹ ቀና ብለው መሄድ ቻሉ።

የለንደኗ እናት

ሎርና ዊንግ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ ኦቲዝም ያለባት ልጅም እናት ነበሩ። በ1979 ከጁዲት ጉልድ ጋር ሆነው በለንደን ካምበርዌል በተባለው ሰፈር ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠው የሚመጣውን ከመጠበቅ ይልቅ በሰፈሩ የልዩ ልዩ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት ሁሉ ፈልገው አዩ። ካነር የገለጹት ዓይነት ልጅ ጥቂት ነበር። ከእርሱ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን ልክ እንደ እርሱ ያልሆኑ ልጆች ግን ብዙ ነበሩ።

ሦስት ዓይነት ለይተው አስቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ ከሰው ይርቃሉ። ሁለተኛዎቹ ሰው ከቀረባቸው አይገፉትም፤ ራሳቸው ግን አይጀምሩም። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ሰውን አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ ይጠይቃሉ፣ ይናገራሉ፣ አቀራረባቸው ግን ሰሚውን ግራ ያጋባል። ይህን ሦስተኛውን አስተውሉ። ማኅበራዊ ችግር ያለበት ሰው ሁሉ ዝምተኛ አይደለም። ከሁላችንም አብልጦ የሚናገረው፣ በስብሰባ ሁሉ እጁን የሚያነሣውም ሊሆን ይችላል።

በ1981 ዊንግ የ34 ሰዎችን ታሪክ የያዘ ጽሑፍ አወጡ፤ «አስፐርገር ሲንድረም» የሚለውን ስም ያስተዋወቀው ይህ ጽሑፍ ነው። «ኦቲስቲክ ሳይኮፓቲ» የሚለውን ያልወሰዱት ሰው «ሳይኮፓት» ሲሰማ ወንጀለኛ ስለሚመስለው ነበር። የሐኪም ስም ከክሊኒኩ ወጥቶ መንደር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ተረድተዋል። ዊንግ በስሞቹ መካከል ጥብቅ ድንበር አለ ብለው አላመኑም። እንደ ቀስተ ደመና ቀለማት አንዱ ወደ ሌላው ስለሚቀላቀል «ስፔክትረም» የሚለውን አገላለጽ መረጡ። ስሙ ግን ከሐሳቡ ፈጥኖ ተስፋፋ። ካነርና ሱካሬቫም ያረፉት በዚያው በ1981 ነው፤ አስፐርገር አንድ ዓመት ቀድመው በ1980 ሞተዋል። ስማቸው የዓለም ስም ሲሆን አላዩም።

በየበሩ የተለየ ስም

እንግዲህ አንድ ልጅ እናስብ። ከልጆች ጋር መጫወት አይሆንለትም፤ ያወራል፣ ወሬው ግን መደማመጥ የለበትም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ይህ ልጅ ወደ ተለያየ በር ቢሄድ ምን ይባል ነበር?

በኤድንብራ ሱላ ዎልፍ ዘንድ ቢሄድ «ስኪዞይድ ስብዕና» ያለው ይባላል፤ ኋላ ሐኪሟ በ1995 ስለ እነዚህ ልጆች ባሳተሙት መጽሐፍ «ብቸኞች» የሚለውን ቀለል ያለ ስም መርጠዋል። በአሜሪካ የንግግርና የቋንቋ ችግር የሚያጠኑት ኢዛቤል ራፒንና ዶሪስ አለን ከ1983 ጀምሮ ያስተዋወቁት ስም ደግሞ ነበር፤ ቃላቱና ሰዋስውው የተስተካከለ ሆኖ ቋንቋን ከሰው ጋር ለመግባባት መጠቀም የሚቸግረው ልጅ የሚሰጠው ስም። በካናዳ በባይረን ሩርክ ትምህርት የሚመራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያየው፣ ማንበብና መናገር የሚችል ነገር ግን ፊትን፣ ርቀትንና ቅርጽን ማንበብ የሚቸግረው ሆኖ ካገኘው «ከቃል ውጪ የሆነ የመማር ችግር» ይለዋል። በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ኤልሳቤጥ ኒውሰን የተለመደውን የዕለት ትእዛዝ እንኳ በጭንቀት የሚሸሹ ልጆችን ለይተው ሌላ ስም ሰጥተዋል። በስዊድን ጎተንበርግ ክሪስቶፈር ጊልበርግ የትኩረት፣ የእንቅስቃሴና የማስተዋል ችግርን በአንድ የሚያጠቃልል ስም ይጠቀሙ ነበር።

በዚህ ላይ የፍርሃት ስሞች አሉ። በሰው ፊት መታየት እጅግ የሚያስፈራው ሰው ችግር በ1980 በአሜሪካው መመሪያ «ማኅበራዊ ፍርሃት» ተብሎ ራሱን ችሎ ገባ። ቤቱ እየተናገረ ትምህርት ቤት ሲገባ ድምፁ የሚጠፋ ልጅም አለ። የስሙ ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው። በ1877 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በፈቃድ የመጣ ዝምታ መሆኑን በሚያሳይ ስም ጠሩት። ኋላም «ዝምታን የመረጠ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጣለት። በ1994 መመሪያው ስሙን ለወጠው፤ ልጁ በአንዳንድ ቦታ ብቻ መናገር እንደሚሳነው እንጂ እምቢ እንደማይል የሚያሳይ እንዲሆን። ከመቶ ዓመት በላይ «እልኸኛ» ተብሎ ስንቱ ልጅ ተገርፎ ይሆን!

እነዚህ ስሞች ሐሰት አይደሉም። እያንዳንዱ ሐኪም ከበሩ ላይ ቆሞ የሚታየውን እውነት ጽፏል። የቋንቋ ባለሙያው ቋንቋውን አየ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ፈተናውን አየ፤ የስብዕና ሐኪሟ ብቸኝነቱን አዩ። ልጁ ግን አንድ ነበር። ስሞቹ የተደራረቡት ለዚህ ነው።

መደራረቡ ሌላም ምክንያት አለው። ችግሮቹ ራሳቸው በአንድ ሰው ላይ አብረው ይመጣሉ። ማኅበራዊ ፍርሃት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል፤ እንዳይሳሳት ይፈራል። በኦቲዝም ስፔክትረም ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሌሎች ሳይነገራቸው የሚያውቁት ያልተጻፈ ሕግ አይታየውም። አሥር ዓመት ሙሉ ያልታየውን ሕግ ጥሶ የተሳቀበት ልጅ ግን መጨረሻ ላይ ሰውን ቢፈራ ምን ያስደንቃል? አሁን ሁለቱም አለበት። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግርም እንዲሁ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ይገኛል። የ1994ቱ መመሪያ ግን ሁለቱን ስሞች ለአንድ ሰው መስጠትን አይፈቅድም ነበር። ሐኪሙ ሁለቱንም እያየ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ሴቶች ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨርሶ ስም አላገኙም። የአስፐርገር አራቱም ልጆች ወንዶች ነበሩ፤ መለኪያዎቹም በአብዛኛው በወንዶች ላይ ተሠሩ። ብዙ ልጃገረዶች የጓደኞቻቸውን አሳሳቅና አነጋገር አጥንተው በማስመሰል ያልፋሉ፤ ቤት ሲገቡ ግን ዝለው ይወድቃሉ። ሱካሬቫ በ1927 ያዩትን ሌላው ዓለም ለማየት አሥርተ ዓመታት ፈጀበት።

መለኪያው ሲለካ

ስሞቹ የልጁን ማንነት ይነግሩናል ወይስ የክሊኒኩን? በ2012 በካተሪን ሎርድ የተመራ ጥናት ይህን መረመረ። በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ 12 የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ከ2,000 በላይ ልጆችና ወጣቶች በአንድ ዓይነት መለኪያ ታዩ። በማዕከላቱ ያሉት ልጆች ውጤት ይቀራረብ ነበር። የተሰጣቸው ስም ግን ከቦታ ቦታ በእጅጉ ተለያየ። አንድ ልጅ «ኦቲዝም» ወይም «አስፐርገር» ወይም «በስም ያልተለየ» መባሉን ከልጁ ጠባይ ይልቅ የሄደበት ማዕከል ይወስነው ነበር።

ይህ ለወላጆች የወረቀት ጉዳይ አልነበረም። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች «ኦቲዝም» የሚለው ስም የመንግሥት እርዳታ ያስገኝ ነበር፤ «አስፐርገር» የሚለው ላያስገኝ ይችል ነበር። ያው ልጅ በስሙ ምክንያት አስተማሪ ያገኝ ወይም ያጣ ነበር።

በ2013 አዲሱ መመሪያ ሲወጣ ስሞቹ «ኦቲዝም ስፔክትረም» በሚለው አንድ ስም ሥር ተጠቃለሉ። የትኩረት ችግርንም አብሮ መመዝገብ ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ዝርዝር ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ሁሉም ሰው ግን አልተደሰተም። «አስፐርገር» በሚለው ስም ራሳቸውን ያወቁ፣ ጓደኛ ያገኙበት፣ ከብዙ ዘመን ግራ መጋባት ያረፉበት ሰዎች ስማቸውን የተነጠቁ መሰላቸው። ስሙ ከቪየና መዛግብት የተነሣ የከበዳቸው ደግሞ እፎይ አሉ። በዚያው ዓመት ለሌሎች ሰዎች አዲስ ስም ተጨመረ፤ ከሰው ጋር በቋንቋ መግባባት የሚቸግራቸው፣ የኦቲዝም ሌሎች ምልክቶች ግን ለሌሉባቸው። አንዱ ድንበር ፈርሶ ሌላ ተሠራ ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በአገራችን ችግሩ ለብዙ ዘመን የስም ማነስ ነበር። መናገር የዘገየው ልጅ «ዲዳ»፣ የተለየው ሁሉ «የአእምሮ ዘገምተኛ» ይባላል፤ አለዚያም «ቡዳ በልቶት ነው»፣ «እርግማን ነው» ተብሎ ጓዳ ውስጥ ይደበቃል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። «ኦቲዝም» የሚለው ቃል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰማ፣ ወላጆችም ልጃቸውን ይዘው እንዲወጡ ብዙ ደክመዋል። ይህንን የምጽፈው ስሞች ይቅሩ ብዬ እንዳይመስላችሁ ነው። ስም ባይኖር እናቲቱ ወዴት ትሄድ ነበር? ስም በር ይከፍታል።

ይሁን እንጂ እስካሁን በአገራችን በሩ በአብዛኛው የተከፈተው ችግሩ ጎልቶ ለሚታይባቸው ሕፃናት ነው። ተምሮ፣ ተናግሮ፣ አድጎ በመካከላችን የተቀመጠው ወጣት ከሐኪምም ከእኛም ስም ሳያገኝ፣ ወይም ከእኛ ክፉ ስም ብቻ አግኝቶ ይኖራል። በኅብረቶቻችን ውስጥ አንዳንድ ልማዶች ለእርሱ ከባድ መሆናቸውን አናስብም። ድንገት «ከአጠገባችሁ ያለውን እቀፉ» ይባላል። የድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። ያልተዘጋጀውን ሰው ተነሥ፣ መስክር እንለዋለን። እርሱ ሲቀር ደግሞ «በመንፈስ ቀዝቅዟል» እንላለን። ይህ ሰው ምናልባት አልቀዘቀዘም፤ ደክሞታል።

ስለዚህ ታሪኩን ካነበብን በኋላ ጥቂት ነገር ብናደርግ መልካም ነው። ለጓደኛችን የሕመም ስም አናውጣለት፤ አሥራ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ያልተስማሙበትን እኛ በሻይ ሰዓት አንወስነውም። ራሱ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ትምህርቱ ወይም እንቅልፉ ከተነካ፣ መኖር የከበደው መሆኑን ከነገረን፣ ወደ ባለሙያ አብረነው እንሂድ፤ ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም። ሐኪም ስም ከሰጠው ስሙን በየመንገዱ አናውራው፤ የእርሱ ነው፤ ሲፈልግ ይንገረን። ፕሮግራሙን አስቀድመን እንንገረው። ከማቀፋችን በፊት እንጠይቅ። ሥራም እንስጠው፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የድምፅ መሣሪያውን፣ የመዝሙር ቃሎችን ማዘጋጀት። ሲሠራ ከጎኑ የሚቆም አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

በባልቲሞር ጽሑፍ ቁጥር 1 የነበረው ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ? ዶናልድ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ሐኪሞች ወላጆቹን መክረው ወደ ተቋም ተወስዶ ነበር፤ ወላጆቹ ግን ወደ ቤት መለሱት። ፎረስት ውስጥ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ዶናልድ ትሪፕሌት ኮሌጅ ጨረሱ፤ በከተማቸው ባንክ ሠሩ፤ መኪና መንዳት ተማሩ፤ ጎልፍ ተጫወቱ፤ ብቻቸውን ብዙ አገሮችን ጎበኙ። በ2023 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። ጋዜጠኞች ታሪካቸውን ፍለጋ ወደ ፎረስት ሲሄዱ የከተማዋ ሰዎች ይጠብቋቸው እንደነበር አወቁ፤ ዶናልድን የሚጎዳ ነገር እንዳይጻፍ ጋዜጠኞቹን ያስጠነቅቁ ነበር።

ዶናልድ አንድ ልማድ ነበራቸው። ለሚያውቁት ሰው ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ ሲያገኙትም በቁጥሩ ይጠሩታል። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንኳ ቁጥሩን አልረሱም። ቁጥር የተሰጣቸው ሰዎችም አልረሱትም።